ከአሮጌ ነጠላና ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሠሩ የፀጉር ማስያዣዎችና የቤት ማስጌጫዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በብዙ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ መሐሉ የሳሳ ነጠላ፣ ልጅ አድጋ የጠበባት ቀሚስ፣ ከልብስ ሰፊ የተመለሰ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ለመልበስ አይሆንም፤ ለመጣልም እጅ አይታዘዝም። ከዚህ በታች የቀረቡት እንዲህ ያለውን ጨርቅ ወደ ፀጉር ማስያዣ፣ ወደ ትራስ ልብስ፣ ወደ ጀበና ማቶትና ወደ ግድግዳ ጌጥ መለወጥ የሚፈልጉ ጀማሪዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የተዘጋጁት መርፌና ክር ከመያዝ ያለፈ ልምድ ለሌለው ሰው ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ከፋብሪካ ጨርቅ የተለየ አያያዝ ስለሚፈልግ ግን በዚያ ላይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ተሰጥቷል።

ሥራውን ለመጀመር ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ ስለታም መቀስ፣ ቀጭንና ወፍራም መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጥቂት መርፌ ቁልፍ፣ ካውያና ላስቲክ ካሉ በቂ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሰዎች አቅልለው የሚያዩት መቀሱን ነው። ወረቀትና ካርቶን ሲቆርጥ የኖረ መቀስ ሸማን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም፤ የተጎተተ ክር ደግሞ ከጠርዙ አልፎ እስከ ጨርቁ መሐል ድረስ መስመር ያወጣል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አዲስ የሚገዛ ከሆነ መቀስ ይሁን።

አሮጌ ነጠላ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ለዚህ ሥራ ይሆናል? መቁረጡስ ነውር አይደለም?

ይሆናል፤ እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው ጥሬ ዕቃ እሱ ነው። ነጠላ ሲያረጅ ቀድሞ የሚሳሳው ትከሻ ላይ የሚውለውና በየእጥበቱ የሚታሸው ነጩ ክፍል ሲሆን፣ ጥለቱ ግን ባለቀለሙ ክር ጠበቅ ተደርጎ ስለሚሸመን አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ካለቀ በኋላም ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ሸማኔው በጥለቱ ላይ ያፈሰሰው ድካም ነጩ ክፍል ስለሳሳ ብቻ ከቤት መውጣት የለበትም። ከአንድ ነጠላ ሁለት ጫፍ የሚገኘው ጥለት አንድ ሄር ባንድ፣ ለሁለት ትራስ የሚሆን ማስጌጫና አንድ አነስተኛ የግድግዳ ጌጥ ሊወጣው ይችላል።

የነውር ጥያቄው የተገባ ነው። የእናት ወይም የአያት ልብስ ከሆነ መቀሱ ከመነሣቱ በፊት ቤተሰቡን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዱ እንደ አሮጌ ጨርቅ ያየውን ሌላው እንደ መታሰቢያ አድርጎ ይዞት ሊሆን ይችላል። ልብሱ ገና ደኅና ከሆነ አይቁረጡት፤ የተቀደደውን ብቻ ጠግኖ መልበስ ይሻላል። ጥለቱ የመስቀል ቅርጽ ያለበት ከሆነ ደግሞ ለመቀመጫ ትራስ፣ ለእግር መርገጫ ወይም ለማቶት ማዋል ብዙዎችን ስለሚያሳዝን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ለሚሰቀል ሥራ ማዋሉ ተገቢ ነው።

ሸማ ሲቆረጥ ይተረተራል። ይህን እንዴት መከላከል ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል፤ በቤት ውስጥ የሚሠሩ ጌጦች በሁለትና በሦስት እጥበት የሚበላሹት ብዙውን ጊዜ በንድፋቸው ሳይሆን በጠርዛቸው ምክንያት ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድሩና ማጉ ላላ ብሎ የተያያዘ ስለሆነ ልስላሴውንና አየር ማስገባቱን የሚያገኘው ከዚያው መላላት ነው። መቀስ ሲያርፍበት ግን ክሩን የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ጠርዙ ወዲያው መፈታት ይጀምራል።

መፍትሔው ከመቁረጥ በፊት መስፋት ነው። መቁረጫው መስመር የት እንደሆነ በሳሙና ስባሪ ወይም በልብስ ሰፊ ጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ከመስመሩ በግራም በቀኝም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ጥቅጥቅ ባለ ስፌት ሁለት መስመር ይስፉ፤ ከዚያ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ይቁረጡ። በዚህ መንገድ የሁለቱም ቁራጭ ጠርዝ ከመነሻው ተይዞ ይወጣል። የእጅ ስፌት ከሆነ ክሩን አጥብቀው አይሳቡ፤ ጨርቁ ይኮማተራል። ጠርዙን በእጅ መዘምዘምም በደንብ ይይዛል፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ገበር ነው። የሳሳ ነጠላ ብቻውን ሲጎተት ይቀደዳል፤ ከበስተጀርባው ቀጭን የጥጥ ጨርቅ ለምሳሌ አሮጌ አንሶላ ተደርቦ ሲሰፋ ግን ጫናውን የሚሸከመው ገበሩ ይሆናል። ሁለቱም ጨርቆች ከመሰፋታቸው በፊት መታጠብና መተኮስ አለባቸው። ይህ ካልተደረገ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ከሌላው የበለጠ ይሸበሸብና ሥራው ይጣመማል።

የነጠላው ጫፍ ላይ ያለውን ዘርፍ በተመለከተ፣ ከተቻለ አይቁረጡት። ዘርፉን ጥቂት ጥቂት ክር እየያዙ ሁለት ሁለት አድርጎ መቋጨት በየቤቱ የሚታወቅ ሥራ ነው፤ የተቋጨ ዘርፍ ራሱ ጠርዝ ይይዛል፤ ለግድግዳ ጌጥም ሆነ ለጠረጴዛ ልብስ ያማረ መጨረሻ ይሆናል።

ለጀማሪ ቀላሉ የፀጉር ማስያዣ የትኛው ነው? እንዴትስ ይሠራል?

በጨርቅ የተሸፈነና ሽብሽብ ያለ የላስቲክ ማስያዣ ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ፣ እንዲሁም ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ይበቃዋል። ጨርቁን ደኅናው ፊት ወደ ውስጥ እንዲሆን በርዝመቱ ለሁለት አጥፈው ረጅሙን ጎን አንድ ሳንቲ ሜትር ከጠርዙ ገባ ብለው ይስፉት። ቱቦ መሰል ነገር ይሆናል። አንድ መርፌ ቁልፍ በአንደኛው ጫፍ ላይ ሰክተው በቱቦው ውስጥ እየገፉ ወደ ሌላኛው ጫፍ በማውጣት ጨርቁን ይገልብጡት። በዚያው መርፌ ቁልፍ ላስቲኩን ያስገቡ፤ የላስቲኩን ሁለት ጫፎች አንድ ሳንቲ ሜትር ደራርበው ደጋግመው ይስፉ፤ በቋጠሮ ብቻ ማሰር አይበቃም፤ ቋጠሮ በጊዜ ብዛት ይፈታል፤ ፀጉር ላይም ይጎረብጣል። በመጨረሻ የጨርቁን አንድ ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ሌላኛውን ጫፍ በውስጡ ካስገቡ በኋላ በማይታይ ጥቃቅን ስፌት ይዝጉት።

ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ወይም በሹሩባ የተሠራ ከሆነ መጠኑ መጨመር አለበት፤ ጨርቁን ወደ 60 በ14፣ ላስቲኩን ከ22 እስከ 24 ሳንቲ ሜትር ማድረስ ጥሩ ነው። በየሱቁ የሚሸጡት ማስያዣዎች ለሳሳ ፀጉር የተለኩ ስለሆኑ ለብዙዎቻችን ይጠባሉ፤ በቤት መሥራት ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ትልቁም በራስ ፀጉር ልክ ማድረግ መቻሉ ነው።

ለዚህ ሥራ ጥለት አይመከርም። ጥለት፣ በተለይም የሚያብለጨልጭ ክር ያለበት፣ ፀጉርን ይይዛል፤ ሲወጣም ነቅሎ ይወጣል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ወይም ሳቲን ይጠቀሙ፤ ጥለቱን ለሄር ባንድ ወይም በክሊፕ ላይ ለሚሰፋ ቋጠሮ ያቆዩት።

በጥለት ሄር ባንድ መሥራት የሚፈልግ ሰው ልኩን እንዴት ያገኛል?

ከግንባር በላይና ከጆሮ ጀርባ አልፎ እስከ ማጅራት ያለውን የራስ ዙሪያ ይለኩ። የተጠናቀቀው ሄር ባንድ ከዚህ ልክ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ማነስ አለበት። ለምሳሌ ዙሪያው 56 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጠቅላላው 52 ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 41 ሳንቲ ሜትሩን ጥለቱ፣ 11 ሳንቲ ሜትሩን ደግሞ ማጅራት ላይ የሚያርፈው ላስቲክ ይይዘዋል። ለስፌት የሚታጠፈውን ለመጨመር ጥለቱን 43፣ ላስቲኩን 13 አድርገው ይቁረጡ። የጥለቱ ስፋት ከስድስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ያምራል።

ፀጉርን የሚነካው የውስጥ ገጽ ሳቲን ይሁን። ሳቲኑንና ጥለቱን ደኅና ፊታቸው እርስ በርስ እንዲተያይ አድርገው ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች ሰፍተው ይገልብጡ፤ የሁለቱን ጫፎች ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ላስቲኩን በመካከላቸው ካስገቡ በኋላ ሁለት ጊዜ ይስፉበት። ለበዓል የሚለበስ ቀሚስ ከተሰፋ በኋላ የሚተርፈውን ጥለት ከልብስ ሰፊው መጠየቅ ልማድ ቢሆን መልካም ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለጥምቀት ከቀሚሱ ጋር አንድ ዓይነት ጥለት ያለው የፀጉር ጌጥ ለእናትም ለልጅም ከዚያው ይወጣል።

የጨርቅ ማስያዣ ፀጉርን አይጎዳም? ሳቲን የሚመረጠውስ ለምንድን ነው?

ፀጉርን የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መሳብና መፈተግ። ሁልጊዜ አጥብቆ መያዝ፣ በተለይ በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ፀጉር ከሥሩ እየጎተተ ያሳሳዋል፤ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለም ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ይህን የትኛውም ጨርቅ አያስቀረውም። ማስያዣው ከተፈታ በኋላ ግንባር ላይ ምልክት የሚተው ወይም ራስ የሚያሳምም ከሆነ ጠብቋል ማለት ስለሆነ ላስቲኩን አውጥቶ ማስረዘም ያስፈልጋል። የልጆችን ፀጉር ባልተሸፈነ ቀጭን ላስቲክ ማሰር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቢቀር ይሻላል፤ ላስቲኩ ሲፈታ ፀጉሩን ቆርጦት ይመጣል።

መፈተግን ግን ጨርቅ ይቀንሰዋል። ሳቲን ልሙጥ ስለሆነ ፀጉር ያንሸራትትበታል፤ ጥጥ ግን ይይዘዋል፤ እርጥበቱንና ቅባቱንም ይመጥጣል። ፀጉሯን ቅቤ ወይም ዘይት የምትቀባ ሴት ይህን ልዩነት በቀላሉ ታስተውላለች፤ ከሸማ የተሠራ ማስያዣ ቅቤውን ጠጥቶ ይበላሻል፤ ፀጉሩም ደርቆ ይቀራል።

ለሌሊት የሚሆን የሳቲን ቆብ በቤት መሥራት ይቻላል?

አዎን፤ አስቸጋሪም አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳቲን ይቁረጡ፤ ሹሩባው ረጅምና ብዙ ከሆነ ወደ 70 ከፍ ያድርጉት። ክቡን ለማውጣት ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ከእጥፉ ማዕዘን ተነሥተው 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ክር ዙሪያውን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ዙሪያውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው ይቀምቅሙ፤ ትንሽ ክፍት ቦታ ትተው ላስቲኩን በዚያ ያስገቡ። የላስቲኩ ርዝመት ከራስ ዙሪያ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይነስ። ከዚህ በላይ ካጠረ ሌሊቱን ሙሉ ግንባርን ይጫናል።

ለሕፃናት የፀጉር ጌጥ ላይ ጨሌና ዛጎል መስፋት ችግር አለው?

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጨሌ፣ ዛጎል፣ ቁልፍና ሌላ ትንንሽ ነገር ፈጽሞ አይስፉ። ሕፃን የሚያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ የተነቀለ ጨሌም ሊያንቀው ይችላል። ለዚህ ዕድሜ የሚስማማው በጨርቁ ላይ የሚወጣ ጥልፍ ነው። ለተኛ ሕፃን ደግሞ ማንኛውም ማስያዣ ከራሱ ላይ ይውለቅ። ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች እያንዳንዱን ጨሌ ለየብቻው በድርብ ክር ሰፍተው ይቋጥሩ፤ ሁሉም በአንድ ክር ከተያዘ አንዱ ሲላቀቅ ሌላውም ተከትሎ ይበተናል።

የትራስ ልብስ ያለ ዚፕ እንዴት ይሰፋል?

ለ45 በ45 ሳንቲ ሜትር ትራስ ከፊት የሚሆን 47 በ47 የሆነ አንድ ጨርቅ፣ ከኋላ የሚሆኑ 47 በ32 የሆኑ ሁለት ጨርቆች ይቁረጡ። የሁለቱን የኋላ ጨርቆች አንድ አንድ ረጅም ጎን ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር አጥፈው ይቀምቅሙ። ከዚያ የፊቱን ጨርቅ ደኅና ፊቱ ወደ ላይ እንዲሆን አንጥፈው፣ የኋላዎቹን በላዩ ላይ ግልብጥ አድርገው የተቀመቀሙት ጎኖች መሐል ላይ እንዲደራረቡ ያስቀምጡና አራቱንም ጎን አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ይስፉ። ሲገለበጥ ከኋላ በኩል 13 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚደራረብ ክፍት ይኖረዋል፤ ትራሱ በዚያ ይገባል፤ ለእጥበትም በቀላሉ ይወጣል።

ጥለቱን በፊተኛው ጨርቅ ላይ መስፋት ያለብዎት አራቱ ጎን ከመያያዙ በፊት ነው። አቀማመጡን በተመለከተ፣ ጥለትን መሐል ለመሐል ከማድረግ ይልቅ ወደ አንድ ጎን ሲሶው ላይ አስጠግቶ ማሳረፍ ዓይን የሚይዝ ሆኖ እናገኘዋለን። ነጩ ቦታ ሰፋ ሲል ጥለቱ ጎልቶ ይታያል፤ ሦስትና አራት የተለያየ ጥለት በአንድ ትራስ ላይ ሲደረደር ግን አንዱ የሌላውን ውበት ይሸፍነዋል።

የጀበና ማቶት በጨርቅ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ለጀማሪ ከሁሉ የምንመርጠውም ሥራ ይህ ነው፤ ቁርጥራጩ የማይረባ ቢመስልም ያገለግላል፤ ስፌቱ ቢንጋደድም አይታይም፤ ቡና በተፈላ ቁጥርም ዕቃው ሥራ ላይ ይውላል። አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ ይጠበቅ፤ ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ መሆን አለበት። ሳቲንና ሌላ የፋብሪካ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከምድጃ የወረደ ጀበና ሲያርፍበት ይቀልጣል። ጨርቁ ምን እንደሆነ የሚያጠራጥር ከሆነ ጥቂት ክር መዘው ከቤት ውጭ በክብሪት ይፈትኑት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ግን ይኮማተርና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌ አንሶላ ወይም ጋቢ በአምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ቀዶ ሁለት ሜትር ተኩል የሚደርሱ ሦስት ገመዶች ማውጣት፣ ጫፋቸውን አንድ ላይ ሰፍቶ እንደ ፀጉር አጥብቆ መጎንጎን ነው። የተጎነጎነው ከመጀመሪያው ርዝመት ሲሶ ያህል ስለሚያጥር ከዚህ የሚገኘው አንድ ሜትር ከሰባ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉንጉን ነው። የጀበናውን መቀመጫ ለክተው ከእሱ ጠበብ ያለ ክፍት ክብ ይሥሩ፤ ጉንጉኑን በዚያ ዙሪያ እየጠመጠሙ፣ እያንዳንዱን ዙር ከሥሩ ካለው ጋር በወፍራም መርፌና በድርብ ክር ያያይዙ። የውጭዎቹ ዙሮች ከፍ ከፍ እንዲሉ ከተደረገ የጀበናው ክብ ሆድ መሐል ላይ ገብቶ ይቀመጣል፤ አያዘነብልም። ጋቢ በአራት እጥፍ የተሠራ ስለሆነ እጥፉን ለያይቶ መጠቀም ጉንጉኑን ቀለል ያደርገዋል።

የስንደዶና የአክርማ ስፌት ለጀማሪ ይከብዳል?

ሞሰብ ወይም ሰፌድ መስፋት የዓመታት ልምድ የሚጠይቅ ሙያ ስለሆነ በቀላል ሥራ ውስጥ መቁጠር ለባለሙያዎቹ ድካም ተገቢውን ክብር መንፈግ ነው። ሆኖም የአሠራሩን መሠረት በትንሽ ነገር መማር ይቻላል። የሣር እስር መሐል ይደረጋል፤ በላዩ ላይ የተሰነጠቀ ሣር ይጠቀለላል፤ እያንዳንዱ ዙር በወስፌ እየተበሳ ከቀደመው ዙር ጋር ይያያዛል። ሣሩ ደርቆ ከተሠራ ስለሚሰበር ቀድሞ በውኃ ማራስ ግድ ነው። ለብርጭቆ ማስቀመጫ የሚሆን መዳፍ የማይሞላ ክብ ከተሠራ እጅ ይለምዳል። አጠገብዎ ስፌት የምትችል እናት ካለች አንድ ከሰዓት ከእሷ ጋር መቀመጥ በጽሑፍ ከሚገኘው ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል፤ የወስፌውን አያያዝና የሣሩን አጠባበቅ እጅ ከእጅ ነው የሚማረው።

ሣር በቀላሉ የማያገኝ ሰው በዚያው ዘዴ በገመድና በጨርቅ ሊሠራ ይችላል። ከአራት እስከ አምስት ሜትር የሚሆን፣ የትንሽ ጣት ውፍረት የማይሞላ ገመድ ይያዙ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የጨርቅ ጥብጣብ እየጠቀለሉ ጠምዝዘው እያንዳንዱን ዙር ይስፉ። መሠረቱ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሰፋ ገመዱን ከጎን ሳይሆን ከላይ መደራረብ ከጀመሩ ግድግዳው ይነሣል፤ የፀጉር ማስያዣና ማበጠሪያ የሚቀመጥበት አነስተኛ ዕቃም ይሆናል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ እንዴት ሳይበላሽ ይቆያል?

ስፌትን ግድግዳ ላይ በመስቀል ቤትን ማስዋብ በአገራችን ሥር ያለው ጥበብ ነው፤ በሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ በግድግዳው ላይ በሥርዓት ተደርድረው የሚታዩት ባለቀለም ስፌቶች ምስክር ናቸው። በጥለትም ይህንኑ መሥራት ይቻላል። ቀላሉ መንገድ የጥለቱን የላይኛ ጠርዝ አጥፎ ሰፍቶ ቀጭን እንጨት ማስገባትና እንጨቱን በሲባጎ መስቀል ነው፤ የታችኛው ጠርዝ የተቋጨ ዘርፉን ይዞ ይንጠለጠላል።

ሦስት ነገሮች ያበላሹታል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ የጥለቱን ቀለም ያጠፋዋል፤ በክረምት የሚረጥብ ግድግዳ ሻጋታ ያወጣበታል፤ ለማጣበቅ የሚደረግ ኮላም ሲቆይ በጨርቁ ላይ ቢጫ ነቁጥ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከመስኮት ትይዩ ያልሆነ ግድግዳ ይምረጡ፤ ከእንጨቱ ጀርባ ትንሽ ቁርጥራጭ አድርገው ጨርቁ ግድግዳውን እንዳይነካ ያድርጉ፤ በክፈፍ ውስጥ የሚገባ ከሆነም ጥለቱን በነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ በክር ይስፉት እንጂ አይለጥፉት።

ታዲያ ኮላ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ጨርቅን ከማይሰፋ ነገር ጋር ማያያዝ ሲያስፈልግ ነው። የሲባጎ ወይም የኬሻ ልባስ በቆርቆሮ ጣሳ ወይም በጠርሙስ ላይ፣ የጨርቅ አበባ በብረት ክሊፕ ላይ ሲደረግ ኮላ ይጠቅማል። በክሊፕም ቢሆን መጀመሪያ ብረቱን በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ አበባውን በዚያ ላይ መስፋት የበለጠ ይቆያል። ጣሳው ለአበባ መትከያ ከሆነ ከሥሩ ውኃ ማውጫ ቀዳዳ ይበጅለት፤ ስለታም አፉም ይታጠፍ። በጨርቅ ወይም በሲባጎ የተጠቀለለ ጠርሙስ ላይ ሻማም ሆነ ጧፍ አያብሩበት።

ቀለሙ ይለቃል ብዬ እሰጋለሁ። ከመሥራቴ በፊት እንዴት ልፈትን?

ነጭ ጨርቅ አርሰው ጥለቱን ጠበቅ አድርገው ይሹት። ነጩ ቀለም ከያዘ ጥለቱ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ውኃው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ ይታጠብ። ጨው ወይም ኮምጣጤ ውስጥ መንከር ቀለሙን ያጸናዋል የሚባለው በጥጥ ላይ አይሠራም፤ ትርፍ ቀለሙን አጥቦ ማስወጣት ነው የሚያዋጣው። ታጥቦም የማያቆም ከሆነ ለፀጉር ወይም ለትራስ አያውሉት፤ በማይታጠበው የግድግዳ ጌጥ ላይ ያውሉት። በረኪና በማንኛውም መልኩ አይጠቀሙ፤ ቀለሙን ከማጥፋቱም በላይ የጥጡን ክር ያሳሳዋል።

የስፌት መኪና የለኝም። ይህ ሁሉ በእጅ ይሠራል?

ሁሉም ይሠራል። መርፌው በየእርምጃው ወደኋላ እየተመለሰ የሚሰፋው የእጅ ስፌት ላስቲክ ለሚሸከም ቦታ ሁሉ በቂ ጥንካሬ አለው። ለትራስና ለቆብ ጊዜ ይወስዳል፤ ለማቶት፣ ለግድግዳ ጌጥና ለገመድ ዕቃ ግን መኪና ቢኖርም የሚመረጠው እጅ ነው።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። የተለየ ነገር ማወቅ አለብኝ?

የሐበሻ ልብስን በማድረቂያ መኪና ማድረቅ ትልቁ አደጋ ነው፤ ሙቀቱና መንከባለሉ በእጅ የተፈተለውን ክር ያኮማትረዋል፤ ቁራጭ ጨርቁንም ከገበሩ ያጣላዋል። በፎጣ ላይ ዘርግቶ በጥላ ማድረቅ ይሻላል። በዚህ ምክንያት ተኮማትሮ ለመልበስ የማይሆን የሆነ ልብስ ካለዎት ግን አይጣሉት፤ የተኮማተረ ሸማ ስለሚጠብቅ እንዲያውም ሲቆረጥ መተርተሩ ይቀንሳል፤ ለማቶትና ለትራስ ይመቻል።

የሠራሁትን መሸጥ ብፈልግ ዋጋውን እንዴት ላውጣ?

የጨርቁን፣ የላስቲኩንና የክሩን ዋጋ ብቻ ደምሮ መሸጥ የተለመደ ስሕተት ነው። አንዱን ዕቃ ለመሥራት የወሰደውን ሰዓት ይመዝግቡ፤ ለሰዓቱ የሚገባውን ክፍያ ይጨምሩ፤ ማሸጊያና መጓጓዣ ካለም ይደምሩ። ውጤቱ ገበያው ከሚከፍለው በላይ ከሆነ ዋጋውን ከመስበር በፊት ሥራውን የሚያፋጥን መንገድ ይፈልጉ፤ ለምሳሌ አሥር ማስያዣ በአንድ ጊዜ ቆርጦ በአንድ ጊዜ መስፋት፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከመጀመር በጣም ይፈጥናል። ጥለት በብዛት ሲያስፈልግ አዲስ አበባ ውስጥ ሽሮ ሜዳ ያሉ የሐበሻ ልብስ ነጋዴዎችንና ሸማኔዎችን ቁርጥራጭ ወይም የተበላሸ ጥለት እንዳላቸው መጠየቅ ያዋጣል። ለሚገዛዎት ሰውም ጨርቁ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ጥጥ ይሁን ሰው ሠራሽ፣ እንዴት እንደሚታጠብም በትንሽ ወረቀት ጽፈው አብረው ይስጡት።